ያሬድ በጆሮው ያየበት ክረምት

ባለፈው ወር ከደሴ ወደ ወልድያ ስሄድ፣ መርሳ ልንገባ ትንሽ ሲቀረን የሚኒባሳችን የኋላ ጎማ ተነፈሰ። ሾፌሩ ሁላችንንም ገላመጠን፤ ጎማውን የነከስነው እኛ ይመስል። እንደምንም እያዘገመ አስፋልት ዳር ካለ ጎሚስታ ቤት አደረሰንና ወረድን። ጎሚስታው ከመነዳሪውን፣ የውስጡን ጎማ፣ አውጥቶ ውሃ ውስጥ ነከረው፣ አረፋ ከምትተፋው ቀዳዳ ላይ ጣቱን አሳረፈ፣ በሞረድ ፈገፈገና ማስቲሽ ቀባው። ሽታው አፍንጫዬ ሲደርስ የቆምኩበትን ረሳሁት። ሌላ ሰው ስለ ልጅነቱ ሲያወራ የእርጥብ መሬት ሽታ፣ የአበባ ሽታ ምናምን ይላል። እኔ የጎሚስታ ልጅ ነኝ፤ ልጅነቴ ማስቲሽ ማስቲሽ ነው የሚሸተው። ምን ላድርግ።

አባባ እዚያው መርሳ፣ አስፋልቱ ዳር ነበር የሚሠራው። እማዬ ደግሞ ከአስፋልቱ ማዶ፣ ልክ ፊት ለፊቱ ትንሽ ሱቅ ነበራት። ከአባባ ጎን ሁለት ክፍል ያላት ክሊኒክ ነበረች፣ አሁን ፈርሳለች። ያን ክረምት እኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፣ ታናሽ ወንድሜ ያሬድ አምስት ሊሞላው ጥቂት ይቀረዋል። ትምህርት ቤት ተዘግቷል፤ የእኔ ሥራ እሱን መጠበቅ ነው። ከዚያ በላይ ሥራ አያስፈልገኝም ነበር፤ ያሬድን የጠበቀ ያውቀዋል።

ያሬድ መኪና ይወድ ነበር ብል ያንስበታል። ቦቴ፣ ተሳቢ፣ ገልባጭ፣ ቅጥቅጥ፣ ሚኒባስ፣ ባጃጅ፣ የቱ ከደሴ፣ የቱ ከወልድያ እንደሚመጣ፣ የቱ ሞተሩ እንደሚያስለው ሳይቀር ለይቶ ያውቃል። ምሳውን የሚበላው መንገድ መንገዱን እያየ ስለነበር ሽሮው ግማሹ ደረቱ ላይ ነው የሚቀረው። አባባ ይኮራበታል። እማዬ ግን ሌላ ጭንቀት ነበራት።

የያሬድ ግራ ዓይን ወደ አፍንጫው ትሸሻለች። ሸውራራ ነበር በአጭሩ፤ እማዬ ፊት ግን ይህን ቃል የተናገረ ሰው ከሱቋ ጨው እንኳ አይገዛም። በእሷ ቤት ምክንያቱ የታወቀ ነው። አራስ ሳለች ለጥየቃ ከመጡት ጋር አብራ የገባች አንዲት እንግዳ ሴት ትኩር ብላ አይታው ነው። ስለዚህ እማዬ ያሬድን አፉን እንደፈታ አንድ ነገር አስተማረችው፤ ሰው ትኩር ብሎ ካየህ ጨፍን፣ እስኪሄድ እንዳትገልጥ። እሷ ከምትነግረው ትእዛዝ ሁሉ ያሬድ የሚፈጽመው ይህችን ብቻ ነበር። ጠላ የሚጠጣ ሽማግሌ እንኳ ጎንበስ ብሎ «የማን ልጅ ነህ?» ሲለው ግጥም አድርጎ ይጨፍናል። እኔም ሥራዬ አድርጌ «ጨፍን» እለዋለሁ።

እንግዲህ ይህን ልጅ ነው ዓይኑን ይመርመር ያሉት።

የዓይን ነርሱ ጋሽ ሰይድ ይባላሉ። ሐሙስ ሐሙስ ከወልድያ በቅጥቅጥ ይመጡና በክሊኒኳ አንደኛ ክፍል፣ አስፋልቱን በምታየው መስኮት አጠገብ ይቀመጣሉ። ረጅም ናቸው፣ ጺማቸው በሂና ቀላ ያለ፣ መነጽራቸው አንገታቸው ላይ በክር የተንጠለጠለ። አንድ ቀን የመጡበት ቅጥቅጥ ጎማ ሲጠገን አባባ ዘንድ ቆመው ያሬድን አይተውት ነው «ልጁን አምጡት» ያሉ። አባባ እሺ አለ። እማዬ ግን ሁለት ሐሙስ አመመኝ ብላ አሳለፈች፣ በሦስተኛው አባባ ሱቋን ራሱ ዘጋና አስነሳት።

ገና ስንገባ ጋሽ ሰይድ ያሬድን ከማየታቸው በፊት «ማሻአላህ» አሉ፣ ቀስ ብለው። እማዬ ክርስቲያን ብትሆንም ቃሉን ታውቀዋለች፤ ወሎ ውስጥ የማያውቅ ማን አለ። እየመረቀ የሚያይ ዓይን አይጎዳም ብላ ነው መሰለኝ ትከሻዋ ላላ አለ። ያሬድ ግን ስለ ምርቃት አልተነገረውም። ሽማግሌው ጎንበስ ሲሉ ጨፈነ።

ከረሜላ አወጡ፤ በእጁ ዳብሶ ተቀበለ፣ አፉ ውስጥ ጨመረ፣ ዓይኑን አልገለጠም። ትንሿን ባትሪያቸውን አብርተው አውራ ጣታቸው ላይ ደገኑና «እይ፣ ጣቴ ቀላ» አሉት። እኔ አየሁ፣ እማዬም አየች፣ ያሬድ አላየም። እማዬ የዓይኑን ቆብ ልትገልጥ ስትታገለው ጮኸ። እዚህ ላይ ሌላ ሰው ቢሆን ያስይዘው ነበር። ጋሽ ሰይድ እማዬን በእጃቸው ተይ አሏትና ወንበራቸውን አዙረው ጀርባቸውን ሰጡን። መስኮቱን ይመለከቱ ጀመር፤ እኛ እዚያ የሌለን ይመስል።

ከደሴ በኩል አንድ ቦቴ እያጉረመረመ መጣ። ጋሽ ሰይድ ለራሳቸው እንደሚያወሩ ሆነው «አቤት፣ ይሄ ገልባጭ ሲያስፈራ» አሉ።

ያሬድ ተቁነጠነጠ። ቀጥሎ ቅጥቅጥ አለፈ። «ተሳቢ መጣ ደግሞ» አሉ ሽማግሌው፣ ራሳቸውን እየነቀነቁ።

ይህን ያሬድ ሊችለው አልቻለም። «ቅጥቅጥ ነው! የመጀመሪያውም ቦቴ ነው!» ብሎ ዓይኖቹን በልጥጦ መስኮቱ ላይ ተሰቀለ። ጋሽ ሰይድ ወደ እሱ ሳይዞሩ ቦቴና ገልባጭን በምን እንደሚለይ እንዲነግራቸው ለመኑት። ያሬድ አስረዳቸው፤ እሳቸው እንደገና ተሳሳቱ፤ እሱ ተናደደ፤ በዚህ መሀል ባትሪዋ ከጎን፣ ከታች፣ ከላይ ዓይኑ ውስጥ ገብታ ወጣች። ልጁ ሩቅ ያያል፣ ሽማግሌው እሱን ያያሉ። እኔ ያኔ የገረመኝ ሌላ ነገር ነው። ይህን ያህል የተማሩ ሰው ቦቴን ከገልባጭ አለመለየታቸው አሳፈረኝ፤ እማዬም ያው እንደኔ ያፈረችላቸው መሰለኝ።

ሲጨርሱ ለእማዬ በዝግታ ነገሯት። «የግራው ተኝቷል። ቀኙ ሥራውን ሁሉ ስለሚሠራለት መተኛት ለመደ። ሳያድግ ካልቀሰቀስነው እንደተኛ ይቀራል። በሚቀጥለው ሐሙስ አንድ አንዱን እየሸፈንኩ እፈትነዋለሁ።»

እፈትነዋለሁ ያሉት ነገር አስፈራኝ። ጎረቤታችን አያ አበራ ከጥቂት ወራት በፊት ዓይናቸውን ሊመረመሩ ሄደው አንዱ ዓይናቸው ወጥቶ፣ ጉድጓዱ በጨርቅ ተሸፍኖ ነበር የተመለሱት። ዓይኑ አስቀድሞ ተበላሽቶ እንደነበር፣ ባይወጣ ሌላውንም ይዞ ይሄድ እንደነበር የነገረኝ የለም። እኔ የማውቀው የአባባን ቤት ሥራ ነው። ከመነዳሪ ይፈተሻል፤ የሚጠገን ይጠገናል፣ የማይረባው ይወጣና ይጣላል። የያሬድ ዓይን ፈተናውን ከወደቀች ይጥሏታል ብዬ ደመደምኩ።

ቤት ስንደርስ ከጎማ ክምሩ ጀርባ ወሰድኩትና ቀኝ ዓይኑን በመዳፌ ሸፈንኩ። ከፊቱ የተዘረጋ እጄን ያህል ራቅ ብዬ ምላሴን አወጣሁበት። ያሬድ ምላስ ወጥቶበት ዝም የሚል ልጅ አይደለም። ያን ቀን ዝም አለ። እንዲያውም «ምን ላድርግ አሁን?» አለኝ፣ በትሕትና። ምላሴን አላየም።

ለእናቴ መንገር ነበረብኝ። አልነገርኩም። ያደረግኩት ሌላ ነው፤ አስጠናሁት። ሳምንቱን ሙሉ የእማዬን ሻሽ ዓይኑ ላይ አሥሬ ጎማ ላይ አስቀምጠውና የሚያልፈውን መኪና በድምፁ ብቻ ይጠራል። አብዛኛውን ያውቃል፤ የሚሳሳተው ሚኒባስን ከቅጥቅጥ ነበር፣ እሱንም ከሁለት ቀን በኋላ ለየው። ከየት እንደሚመጣም በጆሮው ይለያል። ካርድ ካሳዩህ ጨፍን፣ መኪና ከጠየቁህ መልስ አልኩት። ጨዋታ መስሎት በደስታ ተማረ። እኔም የወንድሜን ዓይን እያዳንኩ ስለመሰለኝ ደስ ብሎኝ ነበር፤ ይህን አልክድም።

ሐሙስ ደረሰ። ጋሽ ሰይድ ስዕል ያለበት ካርድ ሲያወጡ ያሬድ እንደታዘዘው ጨፈነ። ስለዚህ ወደ መስኮቱ ተመለሱ። ቀኝ ዓይኑን በሰፊ መዳፋቸው ሸፈኑና ጠየቁት። «ገልባጭ፣ ከወልድያ» አለ። ትክክል። «ተሳቢ። ባጃጅ። ሌላ ባጃጅ።» ሁሉም ትክክል። ሽማግሌው ባትሪያቸውን አበሩ፣ አጠፉ፣ ጺማቸውን አሻሹ።

«ዓይኑ አንድ ይላል፣ አፉ ሌላ ይላል» አሉ በመጨረሻ። «ይሁን፣ ፍልሰታ ሲፈታ መልሳችሁ አምጡት።»

እማዬ የሰማችው ይሁን የሚለውን ብቻ ነው። ከክሊኒኳ በር ጀምሮ እስከ ሱቋ እልል አለች። በማግስቱ ስለቷን አደረሰች፣ ለማርያም ጧፍ ገዛች፤ እኔንም ወንድሟን የምትጠብቅ ጎበዝ ልጅ ብላ ራሴን ሳመችኝ። የዚያ መሳም ያሳከከኝን ያህል ቅማል እንኳ አላሳከከኝም።

ከሦስት ቀን በኋላ ይመስለኛል፣ አባባ ጎማ እየነፋ ሳለ አየሩ አፈሩን አነሳውና ያሬድ ቀኝ ዓይን ውስጥ ገባ። ልጁ በእጁ ሸፍኖ እያለቀሰ ወደ እማዬ ሊሻገር አስፋልቱ ጠርዝ ላይ ደረሰ። ደርሶም ቆመ፤ እንዳስተማርኩት አዳመጠ። ምንም ድምፅ የለም። ገባ።

ባጃጁ ከላይ ከቁልቁለቱ ሞተሩን አጥፍቶ ነበር የሚወርደው። ባለባጃጆች ቤንዚን ለመቆጠብ እንዲህ ያደርጋሉ፤ ጎማው አስፋልቱን ሲልስ ካልሆነ ድምፅ የለውም። ያሬድ ፊቱን ወደ ባጃጁ አዙሮ ነበር። አየሁት፤ በግራ ዓይኑ ፊት ለፊት ነው የተመለከተው፤ ግን ወደፊት መሄዱን አላቆመም። ባለባጃጁ መሪውን ጠምዝዞ ከእማዬ ሱቅ ደረጃ ጋር ተላተመ። አንዲት የበለስ ሳህን ተገለበጠች፣ የሱቋ ደረጃ ተሸረፈ፣ ያሬድ አንድ ነገር አልሆነም። ሰው ሁሉ ባለባጃጁን ይሰድባል። እኔ ከጎማዎቹ መሀል ተደብቄ ቁጭ ብያለሁ። የሰደቡት ሰው አላጠፋም፤ ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ይህን የማውቅ ደግሞ እኔ ብቻ ነበርኩ።

ሐሙስ ጠዋት ጋሽ ሰይድ ከቅጥቅጡ ሲወርዱ በር ላይ ጠበቅኳቸው። ቦርሳቸውን ተቀበልኩ፣ ገቡ፣ ተቀመጡ።

«ጋሽ ሰይድ፣ ዓይኑን አያውጡት» አልኩ።

«የማንን ዓይን ነው የማወጣ፣ ልጄ?»

ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ሻሹን፣ ጎማውን፣ ምላሴን፣ ባጃጁን፣ የአያ አበራን ጉድጓድ። በመሀል ማልቀስ ጀመርኩ፤ ግን አላቋረጥኩም፤ ካቋረጥኩ እንደማልጨርሰው አውቄዋለሁ። ይስቃሉ ብዬ ነበር፣ አልሳቁም። መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጫፍ ጠረጉ።

«ይህን ሁሉ ዘመን ልጅ ሳታልል ኖሬ፣ አንድ ፍሬ ልጅ አታለለችኝ» አሉ። ከዚያ እጃቸውን ትከሻዬ ላይ አደረጉ። «አብሽሪ። የሚያወጣው ማንም የለም። ተኝቷል እንጂ አልሞተም። የተኛ ይቀሰቀሳል፤ አንቺ ትረጂኛለሽ።»

አስፋልቱን አሻግረው ወስደው እማዬ ፊት እንደገና አስነገሩኝ። እማዬ ጭኔን የቆነጠጠችኝ ቁንጥጫ እስከ ቡሄ ድረስ አልጠፋም። ከቆነጠጠችኝ በኋላ ግን አቅፋኝ አለቀሰች፤ ያሬድም ነገሩ ሳይገባው አብሮን አለቀሰ።

ወልድያ ሄደን መነጽር ተሠራለት፤ አፍንጫው ላይ አልቆም ሲል አባባ ከአሮጌ ከመነዳሪ ቀጭን ጎማ ቆርጦ ከኋላ አሠረለት። ዋናው ነገር ግን መሸፈኛው ነበር። ጋሽ ሰይድ ጥጥና ፕላስተር ሰጡንና በየቀኑ ከምሳ እስከ አሥር ሰዓት ቀኝ ዓይኑን ሸፍኑ አሉን። ደህናውን! መርሳ ጉድ አለች። ሽማግሌው ጃጁ፣ በሽተኛውን ትተው ጤነኛውን አሠሩ ተባለ። እማዬ ራሷ ሁለት ጊዜ፣ ሰው ቤቷ ሲመጣ፣ ፕላስተሩን ልጣ ወደ ግራው ስታዛውር ያዝኳት። ሄጄ አሳበቅኩባት። ጋሽ ሰይድ አልተቆጧትም። «እህቴ፣ ሁለት በሬ ጠምደሽ አንዱ ለግሞ ሌላው ብቻውን ቢጎትት ምን ታደርጊያለሽ?» አሏት። የገበሬ ልጅ ናት፤ ከዚያ በኋላ አልነካችውም።

ፕላስተሩ ያሳክካል፣ ያሬድ ይልጠዋል። እንዳይልጠው ማድረግ የእኔ ፋንታ ሆነ። መጀመሪያ እጁን ያዝኩት፤ ነከሰኝ። ለመንኩት፤ አልሰማም። ከዚያ ጋሽ ሰይድ ጀርባቸውን የሰጡን ቀን ትዝ አለኝ። የአባባን የቡሎንና የዳዶ ቆርቆሮ መሬት ላይ ዘረገፍኩና ያሬድን ሳላየው፣ ብቻዬን፣ ትልቁን ዳዶ ለትንሹ ቡሎን ለማስገባት መታገል ጀመርኩ። እያጉረመረምኩ። ትንሽ ቆይቶ ጎኔ ተቀመጠ። «ይሄ ለሱ አይሆንም፣ ጅል» አለኝ። ገፋ አደረገኝና እየዳበሰ፣ አፍንጫውን ቡሎኑ ላይ እያስጠጋ ይገጣጥም ገባ። በዚያች በተኛች ዓይኑ። ፕላስተሩን ረሳው። ጋሽ ሰይድ ቦቴን ከገልባጭ እንደሚለዩ የገባኝም ያን ቀን ነው፤ እኔ ደግሞ ሳፍርላቸው ሰንብቼ!

ክረምቱን ሙሉ ጅል ሆኜ ከረምኩ። ቀለም እሳሳታለሁ፣ ስንት ጣት እንዳለኝ እሳሳታለሁ፣ ዶሮን ድመት እላለሁ። ከጣሪያችን ቆርቆሮ ዝናቡ ይወርዳል፣ ኮምፕሬሰሩ ይጮኻል፣ ያሬድ «ጅል» ይለኛል። መጀመሪያ አፍንጫው ቡሎኑን ይነካ ነበር። ነሐሴ ሲጋመስ ጎንበስ ብሎ ብቻ ያያል። ለአዲስ ዓመት ቀጥ ብሎ ተቀምጦ ይለቅም ነበር። ወይም እኔ እንደዚያ ማየት ስለፈለግኩ ይሆናል፤ በጣቱ እየለየም ሊሆን ይችላል። አንድ ጊዜ በጆሮው ያታለለ ልጅ ነው። ፈራሁ።

መስቀል ሊደርስ ሳምንት ሲቀረው ጋሽ ሰይድ ያሬድን በመስኮቱ አቆሙት። እማዬ ከኋላው ቆማለች፣ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ። ቀኝ ዓይኑን በመዳፋቸው ሸፈኑትና ወደ እኔ ዞሩ።

«መኪና አይሆነንም» አሉኝ። «ድምፅ የሌለው ነገር አምጪልኝ፣ የኔ ልጅ። አንቺ ታውቂያለሽ።»

አወቅሁ። ወጣሁና አስፋልቱን ተሻግሬ እማዬ ሱቅ ፊት፣ በተሸረፈው ደረጃ ላይ ቆምኩ። ከዚያ ማዶ መስኮቷ ትንሽ ናት፤ የያሬድ ጭንቅላት፣ የመነጽሩ ጎማ፣ የሽማግሌው እጅ። የእናቴን ፊት ላለማየት ሞከርኩ። ምላሴን አወጣሁ። አስረዘምኩት።

ምንም የለም። ያሬድ ዝም ብሎ ቆሟል። ልክ ከጎማዎቹ ጀርባ እንደዚያን ቀን። ምላሴ ወጥታ ቀረች፤ ላስገባት አልደፈርኩም።

ከዚያ ምላሱን አወጣ። እስከ ሥሯ።

የእማዬ እጅ ከየት እንደመጣ አላየሁም፤ ለታላቅህ ምላስ ታወጣለህ ብላ አናቱን ጠፍ አደረገችው። ወዲያው እጇ እዚያው አናቱ ላይ ቆመ። ዞራ እኔን አየችኝ፣ ምላሴን አየች፣ የሽማግሌውን መዳፍ አየች። ነጠላዋን በሁለት እጇ ፊቷ ላይ ያዘች። ጋሽ ሰይድ ሲያንሾካሹኩ ከማዶ ሆኜ ከንፈራቸውን አነበብኩት፤ ማሻአላህ ነው ያሉት።

በመሀል ተሳቢ መጣ፣ ከነተጎታቹ ረጅሙ፣ እና ሸፈናቸው። አልፎ እስኪያልቅ ዕድሜዬን ፈጀ። ሲያልፍ ያሬድ ተሳቢውን ዞሮ እንኳ አላየውም። ምላሱ አሁንም እዚያው መስኮት ላይ ወጥታ እኔን ትጠብቃለች። እኔም መልሼ አወጣሁለት፣ እያለቀስኩ።